በፉናባሺ የዐሥር ደቂቃ ጸጥታ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ ባሳተሙት መጽሐፍ ያችን ሀገር «ማኅደረ ብርሃን» ብለው ሰይመዋት ነበር። እኔም ወደዚያው በሄድሁ ጊዜ ለማየት የጓጓሁት ፋብሪካውንና ፈጣኑን ባቡር ሳይሆን፥ ልጆች በማለዳ ድምፅ ሳያሰሙ መጽሐፍ የሚያነቡበትን ክፍል ነበረ።

ነገሩ የተጀመረባት ፉናባሺ ከቶኪዮ በስተ ምሥራቅ፥ በባቡር የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ርቃ በባሕረ ሰላጤው ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ በቋንቋቸው «የጀልባ ድልድይ» ማለት ነው፤ በጥንት ዘመን ወንዙን ለመሻገር ጀልባዎችን ጎን ለጎን አሰልፈው ተራመዱባቸው ይባላል። በዚህች ከተማ በነበረ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ ሃያሺ ሂሮሺ የተባሉ መምህር ከባልደረባቸው ጋር በ1980 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት ዐሥር ደቂቃ ለንባብ እንዲለይ አደረጉ። ደንቡ አራት ብቻ ነው፤ ሁሉም ያነባል፤ በየቀኑ ያነባል፤ የወደደውን መጽሐፍ ያነባል፤ ከማንበብም በቀር ሌላ ምንም አይጠየቅም። ልማዱም ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺህ የጃፓን ትምህርት ቤቶች ተዘርግቷል።

አራተኛው ደንብ ልቤን ነካው። እኔ መምህር ሳለሁ መጽሐፍ ላዋስሁት ልጅ ሁሉ «ጭምቅ አሳቡን ጽፈህ አምጣ» እል ነበር። አንድ ብላቴና በማግሥቱ መጽሐፉን ሳይገልጠው መለሰልኝና «መምህር፥ ይህማ ሌላ ፈተና ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ስንፍና መሰለኝ፤ ሁለተኛም መጽሐፍ ሊዋስ አልመጣም።

በዚያው አቅራቢያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፥ ጫማቸውን በመግቢያው ከለወጡ ልጆች ጋር ገብቼ በኋለኛው ወንበር ተቀመጥሁ። ደወሉ ሲደወል ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህርቷ ደብተር አላረመችም፤ እርስዋም የራስዋን መጽሐፍ ገልጣ ታነብ ነበር። አንዲት ልጅ ብቻዋን ፈገግ አለች፤ ምን እንዳሣቃት ማንም አልጠየቃትም።

እኛ ፊደልንም ዳዊትንም በታላቅ ድምፅ ተምረናል፤ የሚሰማው መምህር ስሕተቱን ወዲያው ስለሚያርም ይህ ከቶ የሚናቅ አይደለም። የዝምታው ንባብ ግን ሌላ ሥራ አለው። ልጁን «የወደድኸውን አምጣ» ለማለት ደግሞ በቤቱ የሚመርጠው መጽሐፍ ሊኖር ያሻል፤ በብዙው ቤታችን አስቸጋሪው ይኸው ነው።

ደወሉ እንደገና ተደወለ። ልጆቹ ገጻቸውን ምልክት እያደረጉ መጽሐፋቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ፤ ፈገግ ያለችው ልጅ ግን የጀመረችውን መስመር እስክትጨርስ አልዘጋችም።