ጀልባ ላይ ስለመኖር ለምትጠይቁኝ ሁሉ

ይሄ ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የጀልባዬን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ በሁለት ዓይነት መልእክት ተሞልቷል። አንደኛው «ቲቸር፣ ሀብታም ሆንክ እንዴ?» የሚል ነው፤ እናንተ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናችሁ። ሁለተኛው ከዘመድ አዝማድ የሚመጣ ሲሆን «ምን ደረሰብህ? ማደሪያ አጣህ?» ይላል። ሁለቱም አይደለም። ለንደን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቦይ ላይ፣ ጀልባ ውስጥ ይኖራል። ብዙዎቹ የቤት ኪራይ ያንገሸገሻቸው ሠራተኞችና ጡረተኞች ናቸው። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ የምገባው እዚያ ነው፤ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሦስተኛ ዓይነት መልእክት ነው። ደሴ ሳስተምር ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ዛሬ እዚሁ ለንደን ይሠራል። «ቲቸር፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ የካቲት ላይ ትወልዳለች። ኪራዩ ደመወዛችንን እየጨረሰው ነው። ያጠራቀምናትን ብር አውጥተን እንዳንተ ጀልባ ልንገዛ ነው፤ ምን ትላለህ?» አለኝ። ይሄ «ግዛ» ወይም «አትግዛ» ተብሎ በአንድ መስመር የሚመለስ አይደለም። ስሙን ሳልጠራ እዚህ እንድመልስለት ፈቅዶልኛል።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? ናሮውቦት ይባላል፤ ጠባብ ጀልባ ማለት ነው። ስፋቷ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲም ገደማ ነው። እጄን ዘርግቼ ሁለቱንም ግድግዳ ልነካ ምንም አይቀረኝም። የእኔ ርዝመቷ 17 ሜትር ነው። አውቶብስ ውስጥ እንደመኖር ቁጠሩት፣ ያውም ጣሪያው ዝቅ ያለ አውቶብስ። ለምን ጠበበች ካላችሁ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ብሪንድሊ የተባለ መሐንዲስ በመካከለኛው እንግሊዝ ቦዮች ላይ ሎኮቹን 7 ጫማ ገደማ ስፋት ብቻ አድርጎ ሠራቸው። ጀልባዎቹም በዚያው ልክ ተሠሩ። ያኔ በፈረስ እየተጎተቱ የድንጋይ ከሰል ይጭኑ ነበር። ኋላ ላይ ባቡር ሥራውን ሲቀማቸው ባለ ጀልባዎቹ የመሬት ቤት ኪራይ ስላልቻሉ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ጀልባዋ ጭራ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል መኖር ጀመሩ። እንግዲህ ኪራይ ሸሽቶ ጀልባ መግባት አዲስ ነገር አይደለም።

ሎክ የምላችሁ ቦዩ ዳገት ሲያጋጥመው ጀልባዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ በሁለት በኩል በር ያለው የውኃ ክፍል ነው። ገብታችሁ ከኋላ ትዘጋላችሁ፤ በብረት እጀታ መስኮቱን እያዞራችሁ ውኃ ታስገባላችሁ ወይም ታፈሳላችሁ። በሁለቱም ወገን ውኃው እኩል ሳይሆን በሩን በጉልበት እከፍታለሁ ብትሉ አሥር ጎረምሳም አይከፍተውም። የፈሳሽ ግፊት ከጥልቀት ጋር ይጨምራል ብዬ ስጽፍ ከኋላ ወንበር ታወሩ የነበራችሁ፣ ይኸው።

አሁን ወደ ኑሮው። ቤት ውስጥ ስትኖር ውኃው ከየት እንደመጣ፣ ቆሻሻው የት እንደሄደ አታስብም። ጀልባ ላይ የውኃ ልማት መሥሪያ ቤቱም፣ መብራት ኃይሉም፣ ፍሳሽ አስወጋጁም አንተ ነህ።

የውኃ ታንከሬ 500 ሊትር ይይዛል። ለእኔ ለብቻዬ እየቆጠብኩ ሦስት ሳምንት ይበቃኛል። ሲያልቅ ጀልባዋን የውኃ መቅጃ ቧንቧ ወዳለበት ነድቼ፣ ተራ ጠብቄ፣ ጎማ ዘርግቼ እሞላለሁ። የቧንቧው ግፊት ደካማ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጄሪካን ተሸክማችሁ ያደጋችሁ አትቸገሩም፤ ፊት ለመታጠብ ስንት ጣሳ እንደሚበቃ ታውቃላችሁ። ግን ሦስት ሆናችሁ፣ አንዷ በቀን አምስት ጊዜ ልብስ የምታስቀይር ጨቅላ ሆና፣ ያው ታንከር ሳምንት መድረሱን እጠራጠራለሁ።

ሽንት ቤቱ ካሴት ነው። ሻንጣ የምታክል 20 ሊትር ገደማ የምትይዝ ሳጥን አለች፤ ስትሞላ ጎትታችሁ አውጥታችሁ ለዚህ ወደተዘጋጀ ቦታ ወስዳችሁ ትደፋላችሁ። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ቡና ይዛችሁ ነው የምታነቡት።

መብራት። ጣሪያዬ ላይ ሶላር አለ፤ ከሥር አራት ባትሪዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 110 አምፔር ሰዓት፣ 12 ቮልት። አባዙት፣ 5,280 ዋት ሰዓት ይመጣል። የእርሳስ ባትሪ ቶሎ እንዳይሞት ከግማሹ በላይ አይወሰድም፤ ስለዚህ በእጄ ያለው 2,640 ነው። የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። እንጀራ ልጋግር ብል ምጣዱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጀልባዋ ትጨልማለች ማለት ነው። እንጀራ ከሱቅ እገዛለሁ። ሐምሌ ላይ ሶላሩ ይተርፈኛል፤ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ትንሿ ፍሪጅ ሁሉ በነፃ። ዲሴምበር ላይ ግን ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ ፀሐይዋም ከቤቶቹ ጣሪያ ብዙም አትወጣም። ያኔ ባትሪ ለመሙላት በየቀኑ ሞተር ማስነሳት ግድ ነው፤ እሱም በእኛ አቆጣጠር ከማታው 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ጎረቤት እንዳይረበሽ ክልክል ነው። እኔ ደግሞ ከሥራ የምመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ክረምቱን በሙሉ ከሰዓት ጋር እሽቅድድም ነው።

ማሞቂያው ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ቆም ብላችሁ አንብቡት። ጀልባዋ መሐል ላይ የብረት ምድጃ አለች፣ ጭስ አልባ የተባለ የድንጋይ ከሰል የምትበላ። ማታ ከሰሉን ሞልቼ፣ የአየር መግቢያዋን አጥብቤ እተኛለሁ፤ በትክክል ከሞላሁት ጠዋት ፍሙ ይጠብቀኛል። ካልሆነ በራሴ ትንፋሽ ጉም ውስጥ እነቃለሁ። ሙቀቱ ጣሪያ ላይ ይቀራል፤ ጭንቅላቴ ያልበዋል፣ እግሬ ይበርደዋል። መስኮቶቹ ያለቅሳሉ፤ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ካልወለወልኩ ፍራሽ ሥር ሻጋታ ይጀምራል።

ከብርዱ የሚከፋው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም መልክም የለውም። አገር ቤት «የከሰል ጭስ መታው» የምንለው እሱ ነው፤ በብርድ ቀን ማንደጃ ክፍል አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች ወሬ ያልሰማ ከመሃላችን የለም። ጀልባ ከአንድ ክፍል ቤት ይጠባል። ከ2019 ጀምሮ ማደሪያ ባለው የግል ጀልባ ሁሉ ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም መኖር ግዴታ ሆኗል። እኔ ሁለት አለኝ፤ አንዱ ምድጃው ባለበት፣ አንዱ ከአልጋዬ ራስጌ። በየሳምንቱ ቁልፋቸውን ተጭኜ እፈትሻለሁ። የምድጃው በር ዙሪያ ያለው ገመድ ሲሳሳ እቀይራለሁ፤ የጭስ ማውጫውን እጠርጋለሁ፤ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹን ብርድ ገባ ብዬ በጨርቅ አልደፍንም። ቡና ሳፈላም በጋዝ ነው። ዕጣን ካማረኝ መስኮት ከፍቼ፣ ማንደጃውን ውጭ አስቀምጬ። አንድ ጓደኛዬ «ከሰል የሌለው ቡና ምን ቡና ነው» ብሎ ማንደጃ ይዞ ሊገባ ሲል በር ላይ ነው የመለስኩት። ተቀየመኝ፤ ይቀየም።

ጋዙን ቶሎ ልለፈው፦ ሲሊንደሩ አፍንጫዋ ላይ ለብቻው በተዘጋ ሳጥን ነው የሚቀመጠው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ በሳጥኑ ቀዳዳ ወደ ውጭ እንዲፈስ ነው። የሚገዛውም ፕሮፔን ነው፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከሲሊንደሩ አልወጣም ይላል።

የጀልባዋ አካል ላሜራ ነው፤ በአብዛኛው ወለሉ 10 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ 6፣ የክፍሉ ግድግዳ 4። ጠላቱ ዝገት ነው። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከውኃ ትወጣለች፣ በኃይለኛ ውኃ ትታጠባለች፣ ከዚያ ሆዷ ሬንጅ ይቀባል። ጎኗ ላይ የተበየዱ የማግኒዥየም ጉማጆችም አሉ፤ ማግኒዥየም ከብረት ቀድሞ ስለሚበላ እሱ እያለቀ ላሜራው ይተርፋል። ኬሚስትሪ የወሰዳችሁ አብራሩላቸው። ሬንጁን ራሴ ነው የምቀባው፤ ጡረታ የወጣ በያጅ ጎረቤቴ ነው ያስተማረኝ። ሦስት ቀን በጀርባ እየተንፏቀቁ ነው። ጥፍር ሥር የገባው ጥቁር ለሁለት ሳምንት አይለቅም፤ ተማሪዎቹ «መኪና መካኒክ ሆንክ?» ይሉኛል።

ሞተሩ ናፍጣ ነው፤ ዘይትና ፊልትሮ በየ250 ሰዓቱ ገደማ ይቀየራል። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ከጀልባዋ በሚወጣበት ቦታ ውኃ እንዳይገባ ግራሶ የሚገፋ መዘውር አለ፤ ነድቼ ስጨርስ አንድ ሁለት ዙር አጠብቀዋለሁ። ይሄን መርሳት ቀስ እያለ የሚሰጥም ቤት መያዝ ነው። አንድ ዲሴምበር ቶተንሃም አካባቢ ጀልባዋ አልሄድ አለች። ሞተር አጥፍቼ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ (ይሄ ሕግ ነው)፣ ከኋላ ያለውን ክዳን ከፍቼ እጄን እስከ ትከሻዬ በረዶ በሚመስል ውኃ ውስጥ አስገባሁ። የአልጋ ልብስ ነው የተጠመጠመው። በቢላዋ እየቆራረጥኩ ለማውጣት 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ለሰዓታት ጣቶቼ የእኔ አልነበሩም።

ወንድሜ፣ አሁን ወደ አንተ ጥያቄ ልምጣ።

አብዛኞቹን ቦዮች የሚያስተዳድረው ከ2012 ጀምሮ ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ነው። ፈቃድ ለማግኘት ሦስት ነገር ይጠይቅሃል፦ በየአራት ዓመቱ የሚታደስ የደኅንነት ምርመራ ወረቀት፣ ኢንሹራንስ፣ እና ወይ ቋሚ መቆሚያ ወይ ያለማቋረጥ የመንቀሳቀስ ግዴታ። ፈቃዱ ለእኔ ዓይነት ጀልባ በዓመት ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው። ቋሚ መቆሚያ ለንደን ውስጥ ውድ ነው፣ ቢገኝም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሁለተኛውን እንመርጣለን። በ1995 ሕግ መሠረት አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ አትቆምም፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ወዲያና ወዲህ መመላለስ ሳይሆን እውነተኛ ጉዞ ማድረግ አለብህ። ለእኔ ይሄ ማለት አንዳንዴ ሥራ በ15 ደቂቃ፣ አንዳንዴ በአንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

አድራሻ ስለሌለኝ ደብዳቤዬ ጓደኛዬ ቤት ይገባል። ክሊኒክ ለመመዝገብ ስሄድ የአድራሻ ማስረጃ ካላመጣህ አሉኝ፤ ሕጉ ግን ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፣ በትህትና ተከራክሬ ተመዘገብኩ። አንተ ግን አዋላጅ ቤት ድረስ የምትመጣላት አራስ ሊኖርህ ነው። «ዛሬ ከድልድይ ቁጥር ይሄ አጠገብ ነን፣ በሚቀጥለው ሳምንት የለንም» እያልክ በየጊዜው መደወል አለብህ። ባለቤትህ ከወለደች በሳምንቷ በረዶ በያዘው ጠርዝ ተራምዳ መውጣትና መግባት አለባት። ሌሊት ምድጃው ቢጠፋ የሚበርደው አንተን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ እኔ የምልህ በዚህ ክረምት አትግዙ። ጀልባ ላይ ልጅ አይደግም ማለቴ አይደለም፤ እዚህ ሕይወት ጃኬት ለብሰው የሚሮጡ፣ ከእኔ የበለጠ ሎክ የሚያውቁ ሕፃናት ጎረቤቶች አሉኝ። ወላጆቻቸው ግን መጀመሪያ የመሬት መብራት የሚሰካበት ቋሚ መቆሚያ አገኙ፣ ከዚያ ነው ጀልባ የገዙት። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። መቆሚያ ካገኛችሁ በጸደይ ፈልጉ። ሻጩ ምንም ያህል ጨዋ ሰው ቢሆን ከውኃ አስወጥታችሁ፣ ባለሙያ የላሜራውን ውፍረት በመሣሪያ ሳይለካ አንድ ፓውንድ አትክፈሉ። ቀለም ሁሉን ይሸፍናል። ከሥርህ መሬት የለህም፤ እንደ ቤት ዋጋው ይጨምራል ብለህ አታስላ። የሚተርፍህ ኪራይ ነው፣ እሱንም በጉልበትህና በሰዓትህ ትከፍለዋለህ። እኔ ብቻዬን ስለሆንኩ ሰዓቱ አለኝ። አንተ ከየካቲት በኋላ የእንቅልፍ ሰዓትም አይኖርህም።

ደግሞ ጥር ላይ ና። ሐምሌ ላይ ሳይሆን ጥር ላይ። ሁለት ሌሊት እደር፤ ከሰሉን አንተ ሙላ፣ ካሴቱን አንተ ድፋ፣ ጠዋት መስኮቱን አንተ ወልውል። ባለቤትህ ከፈለገች ቀን ቀን መጥታ ትይ። የምትወስነው ፎቶዬን አይታ መሆን የለበትም፤ ፎቶው የሐምሌ ነው።

ሌሎቻችሁ ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ፣ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ነገ ግን አትጠብቁኝ፤ 14ኛ ቀኔ ነው፣ በጠዋት ካስማ ነቅዬ ውኃ ሞልቼ ሁለት ሎክ ማለፍ አለብኝ። ዝናብ አለ ተብሏል።