ደብተሩ በእጃችሁ ቢሆን

«ዴዝ ኖት» የተባለውን አኒሜ ያያችሁ ካላችሁ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ላይት ያጋሚን መደገፍ ያቆማችሁት የቱ ጋ ነው?

ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ድርሰቱ የትሱጉሚ ኦባ፣ ሥዕሉ የታኬሺ ኦባታ ነው። ከ2003 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሳምንታዊ መጽሔት በማንጋ መልክ ወጣ፤ ከ2006 እስከ 2007 ደግሞ በ37 ክፍል ለቴሌቪዥን ቀረበ። ላይት በትምህርቱ አንደኛ የሚወጣ፣ አባቱ የፖሊስ አዛዥ የሆነ ጨዋ ልጅ ነው። ሪዩክ የሚባል የሞት መንፈስ ኑሮው ስለ ሰለቸው ብቻ አንድ ደብተር ወደ ምድር ይጥላል። የሰውን መልክ እያሰቡ ስሙን በደብተሩ ላይ ከጻፉ ያ ሰው ይሞታል። ላይት ደብተሩን ያነሣና የወንጀለኞችን ስም መጻፍ ይጀምራል። ዓለምን ከክፉዎች ሊያጸዳ፣ በጸዳው ዓለም ላይም ራሱ አምላክ ሊሆን ይፈልጋል።

አንዳንድ መሪዎቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ጨርሶ አትዩ ይሉናል። የሞት መንፈስና ደም ያለበት ታሪክ ስለሆነ ስጋታቸው ይገባኛል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ደግሞ «ኧረ ተረት ነው፣ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እኔን ግን ከሪዩክ ይልቅ የሚያሳስበኝ ላይት ነው። ሪዩክን ልሁን የሚል ማንም የለም። ላይት ግን መልከ መልካም፣ ጎበዝ፣ ፍትሕ ሲጓደል የሚቆጣ ልጅ ነው። ልንመስለው የምንፈልገው ዓይነት።

በሁለተኛው ክፍል የሚሆነውን አስተውሉ። ኤል የተባለው መርማሪ፣ ሞት የተፈረደበትን አንድ እስረኛ በራሱ ምትክ በቴሌቪዥን ያቀርባል። ሰውየው ገዳዩን ክፉ ነህ ይለዋል። ላይት ሰውየው ወንጀለኛ መሆኑን አያውቅም፤ መርማሪው ነው ብሎ አምኗል። ቢሆንም ወዲያው ስሙን ይጽፋል። ወንጀለኞችን እቀጣለሁ ብሎ የተነሣው ልጅ፣ ገና በሁለተኛው ክፍል የተቃወመውን ሰው ገደለ። ቀጥሎ 12 የኤፍቢአይ መርማሪዎች ይሞታሉ። ከእነርሱም የአንዱ እጮኛ እውነቱን ልትደርስበት ስትል እርሷም ትሞታለች። ብዙ ተመልካች ግን እዚያም ደርሶ «እንዳይያዝ» እያለ ነው የሚያየው።

ለምን? አንዱ ምክንያት የአተራረኩ ስልት ነው። ሐሳቡን እየሰማን፣ በእርሱ ዓይን እያየን ስለምንሄድ የእርሱ ጭንቀት የእኛ ይሆናል። ሌላው ምክንያት ግን ከእኛ ዘንድ ነው። ብዙዎቻችን የምናስበው ስም አለን።

እኔም አለኝ። ታላቅ እኅቴን ወደ ዓረብ አገር እልካታለሁ ብሎ፣ እናቴ ከዕቁብ ያወጣችውን ገንዘብ ተቀብሎ የጠፋ ደላላ አለ። ክሱ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲተላለፍ ሁለት ዓመት ሆነው። እናቴ ማታ ማታ በቤተሰብ ጸሎት ላይ የሰውየውን ስም ጠርታ ጌታ እንዲምረው ትለምናለች። እዚያ ላይ አሜን ማለት ይከብደኛል። ላይት ስለ ፍትሕ ሲናገር የሚለው ነገር የሚገባኝ ለዚህ ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም ቢሆን የሰዎቹን ክፉ ገጽ አይደብቅም። ዳዊት በዋሻው ውስጥ ሳኦልን አግኝቶ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ተወው። ያው ዳዊት ግን ከነገሠ በኋላ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ኦርዮ የራሱን ሞት የያዘውን ወረቀት በገዛ እጁ ይዞ ወደ ኢዮአብ ሄደ። በኋላም ነቢዩ ናታን መጥቶ፣ የድኻውን አንዲት በግ ስለ ነጠቀ ባለጠጋ ሲነግረው ዳዊት በቁጣ ነደደ፤ ይህን ያደረገ ሰው መሞት እንደሚገባው ፈረደ። ናታንም ያ ሰው አንተ ነህ አለው።

ልብ በሉ፣ ዳዊት ፍትሕን አልጠላም። በባለጠጋው ላይ ለመፍረድ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ያቃተው በታሪኩ ውስጥ ራሱን ማየት ነበር። በክፉ ሰው ዙሪያ የተሠራ ጥሩ ታሪክም የናታንን ሥራ ሊሠራልን ይችላል። የላይትን ብልጠት ብቻ አድንቀን ከተነሣን ግን፣ ናታን የመጨረሻውን ቃል ሳይናገር ትተነው እንደ መውጣት ነው።

በአኒሜው መካከል ላይት ደብተሩን ለጊዜው ይለቅና ስለ ደብተሩ ያለው ትዝታ ሁሉ ይጠፋል። ያን ጊዜ ቅን ልጅ ሆኖ ገዳዩን ለመያዝ ከልቡ ይሠራል። ደብተሩን እንደገና ሲነካ ግን ሁሉም ይመለስበታል። ያ ቅን ልጅና ያ ገዳይ አንድ ሰው ናቸው። ደብተሩ የሰጠው ከበላዩ ዳኛ የሌለበትን ሥልጣን ነበር፤ በልቡ የተሸሸገው ትዕቢት በዚያ ወጣ።

ይህን ስል የተበደለ ዝም ይበል ማለቴ አይደለም። እኛም ክሳችንን አልተውንም፤ በቀጠሮው ቀን እንሄዳለን። በችሎት ከሳሽ ሌላ፣ ምስክር ሌላ፣ ዳኛ ሌላ ነው፤ ተከሳሹም ይናገራል። ላይት ግን ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ገዳዩም ራሱ ነው። በቀልን እግዚአብሔር ለራሱ ያስቀረው እኛ እንዲህ ያለውን ሥልጣን መሸከም ስለማንችል ይመስለኛል።

እንግዲህ በወጣቶች ኅብረታችሁ ስለ አኒሜ ክርክር ሲነሣ፣ ይታይ ወይስ አይታይ ከሚለው ቀጥሎ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አንሡ። መደገፍ ያቆማችሁት የቱ ጋ ነው? ስታዩ የማን ስም መጣባችሁ? የመጀመሪያውን ተወያዩበት። ሁለተኛውን ጮክ ብላችሁ መመለስ አያስፈልግም። ማታ ስትጸልዩ ግን ስሙን ጥሩት፤ አሜን ማለት ከከበዳችሁ ያንንም ለጌታ ንገሩት።