በውሃ ብዛት የታመመችው የፍቅር አደራ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሸዋ ሮቢት ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? ሙቀቱና ማረሚያ ቤቱ አይደል? እኔም ለሥራ ተመድቤ ስመጣ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ጣርማ በርን አልፋችሁ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስትወርዱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። ወደዚህ ቆላ የቤት ውስጥ ተክል ይዞ መምጣት እብደት ይመስላል።

ግቢ የምንጋራው ወጣት ግን ይዞ መጣ! ከአዲስ አበባ ሲቀየር እጮኛው የሰጠችው ናት። ቅጠሏ ልብ የመሰለ፣ ቢጫ ጣል ጣል ያለባት፣ ከመደርደሪያ ወደ ታች የምትንዘረፈፍ ሐረግ... በየካፌው ታውቋታላችሁ። ፈረንጆች ፖቶስ ይሏታል። «እስክንጋባ አደራህን» ተብሎ ነው የተሰጠው። አደራ ደግሞ ይከብዳል።

ልጁ ታዲያ ሙቀቱን እየፈራ ጠዋትና ማታ ያጠጣታል። ቧንቧ በጠፋ ሰሞን እንኳ ከመታጠቢያው ቀንሶ ለእሷ! በሁለተኛው ወር ቅጠሏ አንድ በአንድ ቢጫ ሆነ። እጮኛውም በስልክ ቀዝቀዝ ብላለች መሰለኝ፣ አንድ ማታ «አየሽ፣ ምልክት ነው፤ አለቀልን» አለኝ።

ምን ምልክት! እኔ ያየሁት ቀዳዳ የሌለው የወተት ቆርቆሮ ነው። ስንገለብጠው አፈሩ ጭቃ፣ ሥሯ ጠቁሮ ይሸታል። ውሃ የሞላው አፈር ለሥር አየር አይተርፈውም። የታፈነ ሥር ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሏ ውሃ ውስጥ ቆማ ትጠማለች። ባለቤቱ «ጠወለገች» ብሎ ሌላ ውሃ ይጨምራል... በቃ፣ እንዲህ እያለ ይቀብራታል።

ሙቀቱ እንኳ አይወቀስም። የዘር ሀገሯ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ሞሬአ ደሴት ናት፤ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ግንድ ላይ እየተጠመጠመች ነው የምታድገው። ከ10 ዲግሪ በታች ትጎዳለች። እንግዲህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሮቢት ትሻላታለች ማለት ነው። የምትፈራው ቀጥተኛ ፀሐይ ነው፤ ቅጠሏን ይጠብሰዋል። ብርሃን ይግባላት፣ ፀሐዩ ግን አይንካት። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስጠግታችሁ አትስቀሏት። ውሃውን በተመለከተ ጣታችሁን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ደርቆ ካገኛችሁት አጠጡ፤ ከረጠበ ተዉት።

ከጤነኛው ግንድ ሁለት ቁራጭ አተረፍን። ቅጠሉ ከግንዱ የሚወጣባት ጉብ ያለች ቦታ አለች አይደል? እሷ ውሃ ውስጥ እንድትገባ አድርገን ብርጭቆ ውስጥ ነከርናቸው። ሥር የሚወጣው ከዚያች ነው፤ ቅጠል ብቻ መንከር ትርፉ ድካም ነው። ውሃውን በየሳምንቱ ቀየርን፣ በሦስተኛው ሳምንት ነጭ ሥር ብቅ አለ።

አከራያችን የልጅ ልጃቸው ቅጠሉን ሲጎትት አይተው «ይኼ ነገር መርዝ የለውም ወይ ልጄ?» አሉኝ። አለው! ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል፤ ድመትና ውሻም አይቀሩም። ወዲያው ብርጭቆውን ከፍ ወዳለው መደርደሪያ አወጣነው።

አሁን የቀረው ሌላ ጣጣ ነው። እጮኛው ለፋሲካ ትመጣለች። እኔ «የሆነውን ንገራት» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ «ከዚያችው ግንድ የተቆረጠች፣ ያችው ራሷ አይደለችም እንዴ?» ይለኛል። እንደ ተክል ሕግ ልክ ነው፤ እንደ ፍቅር ሕግ ግን እንጃ! እስካሁን እየተከራከርን ነው። ለማንኛውም አዲሱን ቆርቆሮ በምስማር አምስት ቦታ በስቼለታለሁ።