ከኮሶበር ወደ ዳንግላ በእግር

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለውን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በመኪና የሚያልፍ ተሳፋሪ፣ ግራ ቀኙ አረንጓዴ ለብሶ ሲያይ፣ አገሩ ወደ ደንነቱ ተመለሰ ብሎ ሊደሰት ይችላል። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ሌላ ሆኖ ይገለጥለታል።

ከአዲስ አበባ የመጣው የታሪክ መምህር በዋዜማው የዘንገናን ሐይቅ ተመልክቶ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ፣ ኮሶበር በሚልም ስም ከምትታወቀው ከእንጅባራ ተነሥቶ፣ አስፋልቱን ትቶ፣ በቀርከሃ አጥሮች መካከል በገበያተኛ መንገድ ወደ አዲስ ቅዳም አቀና። ለጉዞው ያነሣሣው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው። እንግሊዛዊው ሜጀር ቺዝማን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የአገሩ ቆንሲል ሆኖ በቆየባቸው ዓመታት፣ ጣናን ዞሮ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ካርታ አንሥቷል፤ የጉዞውንም ታሪክ በ1936 አሳትሟል። መምህሩ የዚያን ዘመን አገር ዛሬ በእግሩ ሊያገኘው ተመኘ። ምኞቱ የዋህነት አልጎደለውም።

ጥቂት እንደ ሄደ መንገዱ ጠፋበት። በፈረንሳይ ገጠር ለረጅም ጉዞ እግረኛ በዛፍና በድንጋይ ላይ የነጭና የቀይ ቀለም ምልክት ይደረግለታል። እዚህ ግን ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ከዛፎቹ መካከል ብቅ አሉ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባቴ። የአዲስ ቅዳም መንገድ በየት ነው?»

«በዚሁ ነበር፤ ዛፍ ተተከለበት። መኪና አጣህ እንዴ፣ ልጄ?»

«አይ፣ አገር ለማየት ነው።»

ሽማግሌው ሣቁ። ዕድሜውን ሁሉ በእግሩ የሄደ ሰው ይህን ሰምቶ ቢሥቅ አይፈረድበትም።

ዛፉ ዲከረንስ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ወገን። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ያበቅላል፤ ጤፉ ሲታጨድ ችግኙ ይቀራል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ለከብት ይታጨዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና ማሳው እንደገና ይታረሳል። ኮምጣጣነት ያጠቃው አፈር በዚህ ዘዴ አገግሟል፤ ብዙ ቤትም ቆርቆሮ ለብሷል። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ደን የመሰለው ሁሉ እንግዲህ አዝመራ ነው።

ሽማግሌው አንድ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርገው አሳዩት። ቅጠሉ በዝገት ቡናማ ሆኗል።

«ታመመብን። ነቅዬ ገብስ ልዝራ ወይስ ልጠብቀው? የተማርከው አንተ ነህ፤ ምን ትላለህ?»

መምህሩ መልስ አጣ። ሽማግሌውም መልስ እንደማያገኙ ያወቁ ይመስል፣ በበትራቸው ጉብታውን አመለከቱትና «ከዚያ ማዶ ሌላ ሰው ጠይቅ» አሉት።

በማግሥቱ ማታ ዳንግላ ገባ። ባረፈበት ቤት ቡናው በከሰል ምድጃ ላይ ተጥዶ ደረሰ። ከሰሉ ከየት እንደ መጣ አስተናጋጇን ጠየቃት።

«ከላይ፣ ከነአዲስ ቅዳም ነው» አለችው። «ዘንድሮ ተወዷል።»