አየሩ የተስማማቸው ቅድመ አያት

መቼም እኛ ሐበሾች ዘር ቁጠሩ ስንባል እስከ ሰባት ቤት እናንበለብለዋለን። ስም ብቻ ግን! ሰባተኛው አያታችን ስንት በሬ ነበራቸው? ክረምቱን በምን ከረሙ? ዝም…

እናላችሁ፣ ኤድመንተን የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች አንድ የካናዳ ተወላጅ ወዳጃችን የቅድመ አያቱን ዱካ ሲያፈላልግ አብረን ገባንበት። ወዳጃችን ጥቁር ነው፤ እንደኛ በቦሌ በኩል የመጣ ግን አይደለም። ቅድመ አያቱ እ.ኤ.አ. በ1910 ከኦክላሆማ ተነስተው አትባስካ አጠገብ አምበር ቫሊ የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። በዚያው ዓመት ኦክላሆማ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚነጥቅ ሕግ አጽድቃ ነበር። ካናዳ በበኩሏ 160 ኤከር በ10 ዶላር ትሰጥ ነበር፤ በኛ ልክ አንድ ጋሻ ተኩል ይሆናል። ግዴታው ሦስት ዓመት መኖር፣ ማረስና ቤት መሥራት ነበር።

ግን ምን ዋጋ አለው? በኦገስት 1911 የሎሪየር መንግሥት ጥቁር ሰፋሪ ለአንድ ዓመት እንዳይገባ ወሰነ። ሰበቡ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «አየሩ አይስማማቸውም»! ውሳኔው ሥራ ላይ ሳይውል ተሻረ እንጂ።

የመሬት ፋይሉ የአልበርታ ቤተ መዛግብት ውስጥ በማይክሮፊልም ተቀምጧል። ስማቸውን ከማውጫው አግኝተን በመሬቱ ቁጥር ደረስንበት። በመጀመሪያው ዓመት የታረሰ፣ 4 ኤከር። ሁለተኛው ዓመት፣ 9። ሦስተኛው፣ 17። ቤቱ ከግንድ የተሠራ። ላም፣ 2። እኛ ከዜሮ በታች 30 ሲሆን ጃኬት በጃኬት ላይ ደርበን አውቶቡስ የምንጠብቅ ሰዎች፣ እነዚያን ቁጥሮች ስናይ ዝም አልን። አየሩ አይስማማቸውም ያለው መንግሥት፣ መስማማቱን በገዛ ቅጹ መዝግቦ አስቀምጦታል!

አንድ ነገር ግን ከነከነን። ሰውዬው ለቀን ሥራ ከመሬታቸው የራቁባቸው ወራት ተጽፈዋል። ታዲያ ላሞቹን ማን አለበ? እሳቱን ማን አነደደ? ቅጹ የሚለው «ሚስትና አምስት ልጆች» ብቻ ነው። ስም የለም።

ወደ 1916ቱ የሕዝብ ቆጠራ ዞርን። እዚያ ግን እያንዳንዱ ሰው በስሙ ሰፍሯል። ከባልየው ሥር ባለው መስመር ቅድመ አያቲቱን አገኘናቸው፤ ከነስማቸው፣ ከነዕድሜያቸው። ወዳጃችን ስሙን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበው። ቤተሰቡ ውስጥ ያን ስም የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።