ለባሕር ዳር ጎዳና የቱ ብስክሌት ይሻላል?

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ዘንባባዎቿንና ብስክሌቶቿን አብሮ ያነሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በሜዳው የተዘረጋች ናት። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጡ በቀር ዳገት የሚባል ነገር እምብዛም አያጋጥምም። ስለዚህ ተማሪውም ነጋዴውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይመላለሳል።

ሰሞኑን በእኛ ቤትም ወሬው ብስክሌት ሆኗል። የልጅ ልጄ ከአባይ ማዶ ሥራ ይዟል። እናቱ ዕቁብ ስለወጣላት ብስክሌት ልትገዛለት ነው። እሱ የተመኘው መሪው ወደ ታች የተቆለመመውን፣ ጎማው ቀጭን የሆነውን የእሽቅድድም ብስክሌት ነው። እሷ ደግሞ መሪው ቀጥ ያለውን፣ ሃይብሪድ የሚሉትን መርጣለች። የዕቁብ ገንዘብ ሁለቴ አይወጣምና "እማዬ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂን" አሉኝ።

ከመፍረዴ በፊት መንገዱን አየሁት። ከሽምብጥ ሰፈር ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ኮብልስቶን ነው። ድንጋዩ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያንሸራትታል። ከዚያ ዘንባባ የተተከለበት አስፋልት ይመጣል፤ ባጃጁ ግን ተሳፋሪ ባየበት ሁሉ ድንገት ይቆማል። ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ አለ። ለብስክሌት የተለየ መስመር ስላለው እፎይ የሚያሰኝ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በር በፊት ያለው የመጨረሻው ቁራጭ መንገድ ጠጠር ነው።

ለእሽቅድድሙ ብስክሌት የሚገባውን ልስጠው። ቀላል ነው፤ ጎንበስ ብለው ስለሚነዱትም ነፋሱን ይሰነጥቃል። ረጅም አስፋልት ላይ የሚደርስበት የለም። ነገር ግን ጎማው ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭን ጎማ በኃይል መነፋት ስላለበት የድንጋዩን ንዝረት በቀጥታ ወደ እጅ ያስተላልፋል። የሰውነት ክብደት መዳፍ ላይ ሲያርፍ በዚያ የሚያልፈው ነርቭ ይጫናል፤ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። አንገትም ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት ስለሚበዛበት ይደክማል።

የሃይብሪዱ ጎማ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ንዝረቱን ራሱ ይውጠዋል። ነጂው ቀና ብሎ ስለሚቀመጥ ባጃጁንም እግረኛውንም አስቀድሞ ያያል፤ ሌላውም እሱን ያየዋል። የጭቃ መከላከያና የዕቃ መጫኛ ለመግጠምም ይመቻል። ምሳ ዕቃውን በጀርባው ከመሸከም፣ ልብሱን በጭቃ ከማበላሸት ይድናል።

በነርስነት ዘመኔ ከብስክሌት ወድቀው አንጓቸውንና የአንገት አጥንታቸውን የተሰበሩ ወጣቶችን ተቀብያለሁ። ልጃችን ማታ በጨለማ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ፍርዴ ለሃይብሪዱ ሆነ። ለመዝናኛ የጎንደርን አስፋልት ይዞ የሚጋልብ ቢሆን ኖሮ ለእሱ እፈርድለት ነበር።

ልጁ ትንሽ አኮረፈ። "ጎማው ጥርሳም ያልሆነ፣ 35 ሚሊ ሜትር ይሁንልህ፤ ፍጥነቱም ብዙ አይቀርብህም" ስለው ተመለሰ። ከዕቁቡ ገንዘብም ሄልሜትና የፊትና የኋላ መብራት መጀመሪያ እንዲነሳ ተስማማን።

ወላጆች፣ እናንተም ልጃችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ከመክፈላችሁ በፊት ኮርቻው ላይ አስቀምጡት። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ በጥቂቱ መታጠፍ አለበት። ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ኮርቻው ከፍ ብሏል፤ በጣም ከታጠፈ ዝቅ ብሏል፤ ሁለቱም ጉልበት ይጎዳሉ። ቀጥሎ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፤ ብስክሌቱን ገፋ አድርጉት። ጎማው ከዞረ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር አትግዙት።