ታጁራ፦ ፊቷን ወደ ሸዋ ያዞረች የባሕር ከተማ

የአዲስ አበባው ሲኤምሲ ባሕር የለውም፤ በባሕር የመጣ ዕቃ ግን ሞልቶታል። ከጉርድ ሾላ እስከ አያት የተገተሩት ሕንፃዎች የለበሱት መስታወት፣ የሳሎኑ ሴራሚክ፣ የሊፍቱ ሞተር፣ መንገዱን ያጨናነቀው መኪና፤ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ አልፎ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ስለ ወደቡ ስናነሳም ወሬያችን ስለ ክሬን፣ ስለ ኮንቴይነርና ስለ ኪራይ ነው። ከክሬኖቹ ወዲያ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ግን፣ ጅቡቲ የምትባል ከተማ ሳትቆረቆር ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር ሲነግዱ፣ ሲዋዋሉና ሲጣሉ የኖሩ ከተሞች አሉ። ታጁራና ኦቦክ ይባላሉ። ጠዋት ወጥቶ ማታ በሚመለስ ጉብኝት ሁለቱንም አየሁ። ኦቦክ አሳዘነችኝ፤ ታጁራ ግን ልቤን ወሰደችው።

አብረውኝ የተጓዙት ሲኤምሲ ሚካኤል አካባቢ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን ምፅዋ ያሳለፉ ጡረተኛ የባሕር ኃይል ባልደረባ። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። የመንገድ መሪያችን የታጁራ ተወላጅ አፋር ነው። አማርኛውን ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነው የለቀመው፤ እንደ ሾፌሮቹም ያለ ቀልድ አይናገርም። ወራቱ ጥር ነበር። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ እዚያ አየሩ ደግ ነው። በበጋቸው፣ የእኛ ክረምት ሲገባ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ያኔ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው አሳሩን ነው የሚያየው።

ከጅቡቲ ከተማ የወጣነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ፒኬ 12 ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ በኢትዮጵያ ታርጋ ታጥሯል። ሾፌሮች ጎማ እየመቱ ይፈትሻሉ፤ ረዳቶች ሸራ ይወጥራሉ፤ ከየደሳሳው ቤት የሽሮና የጀበና ቡና ሽታ ይወጣል። «እዚህ ፓስፖርት አያስፈልግም፤ አማርኛ ይበቃል» አለ መሪያችን። ቡናችንን ፉት ብለን ተነሳን። ዌአ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ከባዶቹ መኪኖች ወደ ጋላፊ ቀጥ አሉ፣ እኛ ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከዚያ በኋላ ያለው ጥቁር ድንጋይና ሰማይ ነው።

መጀመሪያ የተቀበለን ጉበት ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ምዕራብ ገብቶ ገብቶ ሊዘጋ ሲል የሚሠራው፣ በተራራ የታቀፈ ጥልቅ ሰማያዊ ውኃ። ከዳርቻው በላይ 17 የንፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፤ በ2023 የተመረቁ ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ኃይላቸው 60 ሜጋ ዋት ነው። ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ መብራት ስትገዛ እንደኖረች ጋሼ አስታወሱን። «እኛ መብራት እንሰጣለን፣ እነሱ ጨው ይሰጡን ነበር» አሉ። ጨው ያሉት ቀጥሎ የምናየውን ነው።

አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ ነው፤ በአፍሪካ ምድር ከዚህ የወረደ ቦታ የለም። ጨዋማነቱ የባሕሩን አሥር እጥፍ ያህላል። ዳሩ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑን መጨፈን አለበት፤ ነጩ ጨው ፀሐይዋን መልሶ ይረጫታል። አፋሮች ይህን ጨው በግመል ጭነው እስከ ሸዋ ገበያ ያደርሱ ነበር። በሐይቁና በጉበት መካከል አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ በ1978 ፈንድቶ ነበር፤ ቅላጩ ትናንት የረጋ ይመስላል። ስምጥ ሸለቆ ብለን ዝዋይና ላንጋኖ የምንዝናናበት ያ ስንጥቅ ባሕር ጋ የሚገናኘው እዚህ ነው። ካርታ ላይ ያለው ድንበር ለዚህ መሬት እንግዳ ነገር ነው።

ከሐይቁ ስንመለስ መሪያችን በድንገት መኪናውን አስቆመ። መንገድ ዳር ግመሎች የሚነዳ አንድ ሽማግሌ አለ። ወርዶ እጁን ሳመው፣ ሽማግሌውም የእሱን፤ ከዚያ ሁለቱም ቁጢጥ አሉ። ዳጉ ነው። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ያየውን፣ የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል። አንዱ ሲናገር ሌላው «ሕም» እያለ ይሰማል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። መኪናው ውስጥ ሆነን ጠበቅን። ሲመለስ ለእኛም አካፈለን፦ ላይኛው ሸንተረር ዝናብ ጥሏል፣ የፍየል ዋጋ ጨምሯል፣ ትናንት ሌሊት ደግሞ ከአበሻ አገር የመጡ ልጆች በእግር አልፈዋል፤ ውኃ ጠይቀው ሽማግሌው ሰጥቷቸዋል። የመጨረሻዋን ሲናገር ቀልዱን ተወት አድርጎ ነበር። ጋሼ «ወዴት?» አሉ። «ወደ ኦቦክ።»

ታጁራ ከተራራው ጥግ ስትገለጥ ነጭ ናት። ከበላይዋ የጎዳ ተራራ ቆሟል፣ ከሥሯ ባሕሩ ተኝቷል፣ በመሀል ነጫጭ መስጊዶችና የቴምር ዛፎች። በመኪና ከተሄደባት ወዲያው ታልቃለች፤ በእግር ግን ቀኑን ትጨርሳለች። መሪያችን የልጅነት ሰፈሩ ስለሆነ በየቤቱ በር ሰላምታ እያቀረበ ነው የሚያስኬደን። አንድ አሮጌ ግድግዳ ጋ ቆሞ «ንኩት» አለን። ኖራው በተላጠበት በኩል ድንጋዩ ይታያል፤ ከባሕር የወጣ ኮራል ነው። እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ጉድጓድ ተሞልቷል፤ በአንዳንዱ ውስጥ የቀንድ አውጣ ስባሪ እንደተጣበቀ አለ። ጣቴን ብነካው ይሻክራል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። ውጪው በሚነድበት ሰዓት የታጁራ ሰው ከባሕሩ በቆረጠው ድንጋይ ውስጥ ተጠልሎ ኖሯል።

ከተማዋ የአፋር ሱልጣኔት መቀመጫ ናት። ሱልጣኑ ደርደር ይባላል፤ ምክትሉ ባኖይታ ነው። የሥልጣን አወራረሳቸው ገረመኝ፦ ደርደሩ ሲሞት ባኖይታው ይነግሣል፣ አዲሱ ባኖይታ ደግሞ ከሟቹ ወገን ይመረጣል። እንዲህ እየተፈራረቁ ሁለት ወገኖች አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ኖረዋል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «የእኛ መሳፍንት ይህን መላ ቢያውቁ ስንት ደም ይቀር ነበር!»

እዚህ ነው የታጁራ ነገር የገባኝ። የባሕር ከተማ ስንል መርከብ ጠባቂ፣ አድማስ ተመልካች አድርገን እናስባለን። ታጁራ ግን ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ፊቷን ወደ ተራራው ያዞረች ከተማ ናት፤ እንጀራዋ የሚመጣው ከዚያ ነበርና። በተራራው በኩል ወደ ሸዋ የሚወጣው የግመል መንገድ ሌላው ጫፍ አንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ነበረች። ከሸዋ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቆዳ ይወርዳል፤ ከዚህ ጨርቅ፣ ጨውና ጠመንጃ ይወጣል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከመሀል አገር የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚህ ዳርቻ ተጭነው ወደ ዓረብ አገር ተሻግረዋል። መሪያችን ይህን ሳይሸፋፍን ነው የነገረን፤ ከቅድመ አያቶቹ ስንቶቹ ሻጭ፣ ስንቶቹ የተሸጡ እንደነበሩ እንደማይታወቅም ጨመረበት።

ወደ ሸዋ የሚሄድ ፈረንጅ ሁሉ በር የሚያንኳኳው ታጁራ ነበር። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በ1839 ከዚህ ተነስቶ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ከቦምቤይ መልእክተኞቹን ይዞ እዚሁ ወረደ፤ በግመል አንኮበር ገብቶም በዚያው ዓመት ኅዳር ከንጉሡ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረመ። የእኛ ታሪክ መጻሕፍት ውሉን ይነግሩናል፤ ሃሪስ ግመል ለመከራየት ከታጁራ ሰዎች ጋር የተጨቃጨቀበት ዳርቻ ግን ይኸው፣ ሕፃናት ኳስ ይጫወቱበታል።

ከሁሉ የከፋው የፈረንሳዊው የራምቦ እንግልት ነው። ሐረር ስሙን የተሸከመ ሙዚየም ያለው ባለቅኔ በ1885 መጨረሻ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ለምኒልክ ሊያደርስ ታጁራ መጣ። ዛሬ ይነሳል፣ ነገ ይነሳል ሲባል አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረው። ፈረንሳዮቹ ፈቃድ ከለከሉ፣ ግመል ጠፋ፣ ሸሪኩ ላባቱ ታሞ አገሩ ገብቶ ሞተ፤ ከእሱ ጋር ሊሻረክ ያሰበው ሶሌዬም ኤደን ላይ በድንገት አረፈ። ራምቦ በ1886 ጥቅምት ብቻውን ጉዞ ጀምሮ በቀጣዩ ዓመት የካቲት አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም፤ ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ እየተመለሱ ነበር። እንጦጦ ድረስ ተከትሏቸው ሄደ። ምኒልክ ዋጋውን ቆራርጠው፣ የላባቱን ዕዳ ከክፍያው ቀንሰው፣ ቀሪውን ሐረር ካሉት ከመኮንን (ኋላ ራስ) ተቀበል አሉት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ «ያኔም ክፍያው ሌላ ቢሮ ነበር!»

ምሳችን ዓሣ ነበር፤ የየመን ዓሣ የሚሉት። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፣ በርበሬ ይቀባና በጋለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይንጠለጠላል። ሲወጣ ዳር ዳሩ ከሰል መስሏል፣ መሀሉ ነጭና ውኃማ ነው። ከዚያው ምድጃ የወጣ ሰፊ ቂጣ ይታደላል፤ ሹካ የለም። ጋሼ ከምፅዋ በኋላ ዓሣ የሚባል ነገር እንዳልበሉ ተናገሩ። እኔ አዲስ አበባ ስንት ዓሣ ቤት አብረን እንደገባን አውቃለሁ፤ የሚሉት ግን ገብቶኛል።

ታጁራን ያደከማት ባቡር ነው። ፈረንሳዮች መቀመጫቸውን ወደ ጅቡቲ ካዞሩ በኋላ በ1897 የተጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋን አስቆረቆረ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ድሬዳዋን የወለደው ባቡር ታጁራን አስረጃት፤ ግመል ከሎኮሞቲቭ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ከ2017 ወዲህ ከከተማዋ አጠገብ አዲስ ወደብ ተከፍቷል፤ ሲታሰብ የኢትዮጵያን የዳሎል ፖታሽ ለማሳለፍ ነበር። ከዚያም በባልሆ በኩል ወደ ድንበራችን የሚወጣ አስፋልት ተዘርግቷል። አሁንም ፊቷ ወደዚያው ነው።

ኦቦክ ሌላ ነገር ናት። ፈረንሳይ በ1862 በ10,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ገዛቻት፤ ከ1884 ጀምሮ ሌዮንስ ላጋርድ ገዥ ሆኖ ተቀመጠባት። ይኸው ላጋርድ በኋላ ምኒልክ ዘንድ ተልኮ «የእንጦጦ መስፍን» የሚል ማዕረግ አግኝቷል። ከዚያ ዘመን የቀረው የወላለቀ ግንብ፣ የመርከበኞች መቃብርና ንፋስ ነው። የዛሬዋን ኦቦክ ዓለም የሚያውቃት በሌላ ነው፦ የወሎ፣ የራያ፣ የጅማ፣ የአርሲና የሐረርጌ ልጆች አሳልን በእግር አቋርጠው ወደ የመን የሚሻገሩባት በር ናት። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እዚህ መጠለያ ማዕከል አለው። በ2019 ጥር መጨረሻ ከዚህ ወደ ሰሜን፣ ጎዶሪያ አጠገብ፣ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ከግራር ጥላ ሥር የተቀመጡ ወጣቶች አየን። ጋሼ ቀርበው «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» አሏቸው። ሁሉም ብድግ አሉ። አንዱ «አባባ፣ ማዶው ይታያል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ባሕር ያውቃሉ። ቁጭ ብለው ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ጀልባው ጭነት፣ ስለ ሌሊቱ ጉዞ ነገሩት፤ አትሂድ አላሉትም፣ ሂድም አላሉትም። ብር ሰጥተዋቸው ተነሱ። ከዚያ በኋላ በጀልባ ወደ ጅቡቲ ስንመለስ ብዙ አልተነጋገርንም።

ባሕሩን ስናነሳ ያጣነውን ነው የምንቆጥረው፤ እኔም ቆጥሬ አውቃለሁ። ታጁራን ያየ ሰው ግን ሌላ ሒሳብ ይይዛል። የባሕሩ ዳርቻ ሰው ለዘመናት ዓይኑ ወደ እኛ ነበር፦ ጨው ሲልክ፣ ጠመንጃ ሲያሳልፍ፣ ለተጠማ ልጅ ውኃ ሲሰጥ። እኛ ግን አሻግረን ውኃውን ስናይ በመሀል ያለውን ሰው ሳናየው ኖረናል። ወደብ በውል ይገኛል፣ በውል ይቀራል፤ የታጁራን ሰው ማወቅ ግን የማንንም ፊርማ አይጠይቅም።

መሄድ የሚፈልግ አስቀድሞ ቪዛውን ይጨርስ፣ ዶላር ይያዝ (አንድ ዶላር ወደ 177 የጅቡቲ ፍራንክ ይመነዘራል)፣ መሪውን የታጁራ ልጅ ያድርግ፤ ዳጉ የማያውቅ አስጎብኚ ግማሹን አገር አያሳይም። ከሁሉ በፊት ግን በአንድ ቅዳሜ ከሲኤምሲ ተነስቶ በደብረ ብርሃን አድርጎ አንኮበር ይውጣ፤ ቁልቁል አልዩ አምባን ይይ። መንገዱ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ታጁራም ከዚያ ሲመጡባት ነው ሙሉዋን የምትታየው።